በረግረግ የሚበቅለውን ጁንከስ ከቄጠማና ከፊላ ለይቶ ስለ ማወቅ

በኢትዮጵያ ደጋ ምንጭ በሚፈልቅበት፤ ጅረት በሚያዘግምበትና ክረምት ያቆረው ውሃ እስከ በጋ በማይደርቅበት ሜዳ ሁሉ፤ ዓመቱን በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ቀጭንና ቀጥ ያለ ተክል አይታጣም። መንገደኛው ከሩቅ ሲያየው ሣር ይለዋል፤ የቤት እመቤት ለበዓል የሚጎዘጎዝ ቄጠማ ትለዋለች፤ እረኛው ደግሞ ቦታውንም ተክሉንም አንድ አድርጎ ጨፌ ብሎ ይጠራዋል። ይሁን እንጂ በአንድ ስም የሚጠራው ይህ ልምላሜ ቀርበው ሲመረምሩት ብዙውን ጊዜ ልዩ ልዩ ወገኖች የተቀላቀሉበት ሆኖ ይገኛል።

ይህን መለየት የተማሪ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ከእነዚህ ተክሎች አንዱ ቤት ይከድናል፤ አንዱ የሐይቅን ዳር ይይዛል፤ አንዱ ከብት ያበላል፤ አንዱ ደግሞ መሬቱ መታመሙን ያስታውቃል። ተክሉን ሳያጣራ ቦይ የሚቆፍር ሰው የመንደሩን ምንጭ ሊያደርቅ ይችላል፤ ሳያጣራ ከብት የሚያሰማራም የመንጋውን ጉበት ለትል አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ የረግረግን ተክል በስሙ ከመጥራት አስቀድሞ በአገዳው፤ በቅጠሉ፤ በአበባውና በፍሬው መመርመር ይገባል።

1ኛ፤ አራቱ ወገኖች

በረግረግ አካባቢ የሚገኙት ሣር መሰል ተክሎች በአመዛኙ ከአራት ወገኖች የሚወጡ ናቸው።

የመጀመሪያው እውነተኛው የሣር ወገን ነው። ጤፍ፤ ገብስና ስንዴ የዚህ ወገን እንደ ሆኑ ሁሉ፤ በወንዝ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆም ከዚሁ ይቆጠራል። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ብዕር የሚቀርጹበት መቃ አንጓ ያለውና ውስጡ ክፍት የሆነ መሆኑን ያየ ሰው፤ የሣርን አገዳ ጠባይ አውቆታል ማለት ነው።

ሁለተኛው የቄጠማ ወገን ነው። በጣና ሐይቅ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፤ በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ የሚነቅሉት እንግጫና በኢሉባቦር ጣራ የሚከደንበት ጨፌ ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። በኦሪት ታሪክ ሕፃኑ ሙሴ የተኛበት ሣጥን ከደንገል የተሠራ፤ የተቀመጠበትም ስፍራ ቄጠማ የበቀለበት የወንዝ ዳር መሆኑ ይነገራል። የሁለቱ ተክሎች ስም በአንድ ታሪክ ውስጥ መገኘቱ፤ የአማርኛ ቋንቋ ከጥንት ጀምሮ የረግረግን ተክል ሁሉ በአንድ ስም እንዳልጨፈለቀ ያሳያል።

ሦስተኛው የፊላ ወገን ነው። ቅጠሉ እንደ ጠፍር ረዥምና ጠፍጣፋ፤ ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ነው። በአገዳው ጫፍ ላይ ቡናማ የሆነ፤ የጣት ውፍረት ያለው ድብልብል የአበባ ራስ ያበቅላል። ይህ ራስ ሲበስል እየተበጠሰ እንደ ጥጥ ብናኝ በነፋስ ስለሚሄድ፤ ፊላን ከሌላው ለመለየት ብዙ ድካም አያስፈልግም።

አራተኛው የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆነው የጁንከስ ወገን ነው። ጁንከስ የሚለው የላቲን ስም ማሠር ከሚለው ቃል የወጣ ነው ይባላል፤ የጥንት ሰዎች አገዳውን እንደ ገመድ ለማሠሪያና ለሽመና ይጠቀሙበት ነበርና። በመልኩ ቄጠማን ስለሚመስል በብዙ ስፍራ ከቄጠማ ጋር ተቆጥሮ ይቀራል፤ በአበባው አሠራር ግን ከሣርም ከቄጠማም የራቀ ነው።

2ኛ፤ በእጅና በምላጭ የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ስለታም ምላጭ፤ አንድ ነጭ ወረቀትና ቢቻል አንድ አነስተኛ አጉሊ መነጽር ይበቃሉ። የሚመረጠው ጊዜ ፍሬው በስሎ ቡናማ የሆነበት ወቅት ነው፤ አበባም ፍሬም የሌለውን ተክል በቅጠሉ ብቻ መፍረድ ለስሕተት ያጋልጣልና።

መጀመሪያ አገዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዞ ማሽከርከር ነው። ሦስት ማዕዘን ያለው ከሆነና በጣት ላይ እየዘለለ የሚዞር ከሆነ፤ የቄጠማ ወገን መሆኑ ያለ ጥርጥር ማለት ይቻላል። ክብ ሆኖ በቀላሉ የሚሽከረከር ከሆነ ግን ምርመራው ይቀጥላል።

ቀጥሎ ጣትን በአገዳው ላይ ከታች ወደ ላይ ማስኬድ ነው። ጣትን የሚያስቆም ያበጠ አንጓ ከተገኘ ሣር ነው። አገዳው በምላጭ በአግድም ሲቆረጥ በአንጓና በአንጓ መካከል ብዙውን ጊዜ ክፍት ሆኖ መታየቱ ይህንኑ ያጸናል። የጁንከስ አገዳ ግን ያበጠ አንጓ የለውም፤ ውስጡም ነጭና ለስላሳ በሆነ ልብ የተሞላ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ይታያል። የሣር ቅጠል በአገዳው ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይወጣል፤ የቄጠማ ቅጠል በሦስት ረድፍ ይወጣል። ሁለቱም አገዳውን እንደ ሰገባ የሚያቅፍ የቅጠል እግር አላቸው፤ የሣር ሰገባ በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ሲሆን የቄጠማው ግን ዙሪያውን የተጋጠመ ነው። ከጁንከሶች ብዙዎቹ ቅጠላቸው እንደ አገዳው ክብ ነው፤ አንዳንዶቹም ከአገዳው ሥር ከሚታይ ቡናማ ሰገባ በቀር ቅጠል የሚባል የላቸውም።

በመጨረሻ፤ ከሁሉም በላይ የሚታመነው የአበባና የፍሬ ምርመራ ነው። የሣርና የቄጠማ አበባ ቅጠል የለውም፤ በደረቅ ቅርፊት ሥር የተሸሸገ ነው። የጁንከስ አበባ ግን ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ሦስት በውጭ ሦስት በውስጥ ሆነው በክብ የተደረደሩ 6 የአበባ ቅጠሎች አሉት። ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ስለ ሆነ ዓይን አይስብም እንጂ፤ አሠራሩ በጓሮ ከሚተከለው የሽንኩርት አበባ ጋር የሚመሳሰል ነው።

ፍሬውን በነጭ ወረቀት ላይ በጥፍር መጨፍለቅ ደግሞ ክርክሩን ይጨርሳል። ከእያንዳንዱ የቄጠማ አበባ የሚወጣው አንድ ጠንካራ ፍሬ ብቻ ነው። የጁንከስ ፍሬ ግን በሦስት ተሰንጥቆ የሚከፈት ትንሽ ቋት ሲሆን፤ ከውስጡ እንደ ትንባሆ ዱቄት የደቀቀ ብዙ ዘር በወረቀቱ ላይ ይፈስሳል።

3ኛ፤ የሚያሳስቱ ተክሎች

አገዳው ክብ የሆነ የረግረግ ተክል ሁሉ ጁንከስ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ከቄጠማ ወገን ውስጥ አገዳቸው ክብ፤ ቅጠላቸውም ከሥር ሰገባ ያላለፈ ሁለት ዓይነቶች አሉ።

አንደኛው ኤሌዮካሪስ የሚባለው ነው። ይህ ተክል ቀጭንና ቀጥ ያለ ሆኖ ከጁንከስ ጋር ጎን ለጎን ይበቅላል። ነገር ግን የአበባው ራስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እንደ ጦር ጫፍ በአገዳው አናት ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ሽኖፕሌክተስ የሚባለው፤ በሐይቅ ዳር ጥልቅ በሆነ ውሃ ውስጥ የሚቆመው ነው። አበባው ከአገዳው ጎን የወጣ ስለሚመስል ብዙ ተማሪዎችን ያታልላል። ሆኖም አበባውን በምላጭ ሲከፍሉት 6ቱ የአበባ ቅጠሎች አይገኙም፤ የሚገኘው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ደረቅ ቅርፊትና በእያንዳንዱ ሥር ያለ አንድ ፍሬ ነው። ስለዚህ በአገዳ ብቻ የተፈረደ ፍርድ በአበባና በፍሬ መጽናት አለበት።

4ኛ፤ ጁንከስ ኤፉሱስ

ከጁንከስ ወገን በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው ጁንከስ ኤፉሱስ የተባለው ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1753 የሰጠው የስዊድን ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነው። ኤፉሱስ ማለት የፈሰሰ ወይም የተበተነ ማለት ሲሆን፤ ይህም የአበባውን ዘርዘር ብሎ መበተን ያመለክታል። በአውሮፓ፤ በእስያና በአሜሪካ እርጥብ ሜዳዎች፤ እንዲሁም በአፍሪካ ተራራማ ስፍራዎች ይገኛል።

ይህ ተክል ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ መልክ ይበቅላል። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ30 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። አገዳው በትኩስነቱ ለስላሳና አንጸባራቂ አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ቡናማ ሰገባዎች አሉት፤ ሌላ ቅጠል የለውም። አበባው ከአገዳው ጎን የወጣ ይመስላል። በእውነቱ ግን ከአበባው በላይ አገዳ መስሎ የሚታየው ክፍል አገዳ ሳይሆን፤ አገዳውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የቆመ ቅጠል ነው።

ከእርሱ ጋር በጣም የሚመሳሰለው ጁንከስ ኢንፍሌክሱስ ነው። ሁለቱን ለመለየት አገዳውን በቁመቱ መሰንጠቅ ያስፈልጋል። በኤፉሱስ ውስጥ ያለው ነጭ ልብ ሳይቋረጥ ከሥር እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ በኢንፍሌክሱስ ውስጥ ግን እንደ መሰላል እርከን እየተቋረጠ ይታያል። ደግሞም የኢንፍሌክሱስ አገዳ ወደ ግራጫ ያዘነበለና ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ ጎልተው የሚታዩ መስመሮች ያሉት ሲሆን፤ የኤፉሱስ መስመሮች ብዙና ደቃቅ ስለ ሆኑ በትኩሱ እምብዛም አይታዩም። በአበባቸውም ውስጥ ኤፉሱስ ብዙውን ጊዜ 3 የወንዴ ክሮች፤ ኢንፍሌክሱስ ግን 6 አሏቸው።

ያልተቋረጠው ነጭ ልብ ለሰው ልጅ ብዙ አገልግሎት ሰጥቷል። በእንግሊዝ አገር ድሆች አገዳውን ልጠው በስብ ውስጥ እየነከሩ እንደ ጧፍ ያበሩት ነበር፤ በቻይናም የኩራዝ ክር ሆኖ አገልግሏል። ጃፓኖች ታታሚ የተባለውን የወለል ምንጣፍ ገጽ የሚሸምኑት ከዚሁ ተክል አገዳ ነው። የጥንት ግብፅ ጸሐፊዎችም የሚጽፉበትን ብራና መሰል ገጽ ከደንገል፤ የሚጽፉበትን ብዕር ደግሞ ከሌላ የጁንከስ ዓይነት ይሠሩ ነበር። እንግዲህ የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በሥራ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ከጁንከስ ወገን ሌሎችም አሉ። ጁንከስ ቡፎኒዩስ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል፤ ከስንዝር እምብዛም የማያልፍ ትንሽ ተክል ነው። ጁንከስ ኦክሲካርፑስ ክብ ቅጠል ያለው ሲሆን፤ ቅጠሉን በሁለት ጣት መካከል ሲስቡት በውስጡ ያሉት ግድግዳዎች እንደ ጥቃቅን አንጓ ይቆጠራሉ። የዚሁ ቤተሰብ ዘመድ የሆነው ሉዙላ አቢሲኒካ ደግሞ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚገኝ ነው፤ እርሱም በጠፍጣፋ ቅጠሉ ዳር ባሉት ረዣዥም ነጭ ፀጉሮችና በአንድ የፍሬ ቋት ውስጥ ከ3 የማይበልጥ ዘር በመያዙ ይታወቃል።

5ኛ፤ ተክሉ ስለ መሬቱ የሚናገረው

ጁንከስ በግጦሽ ሜዳ መካከል ቁጥቋጦ እየሠራ ሲታይ፤ መሬቱ ለረዥም ጊዜ ውሃ የተኛበትና አየር ያጠረው መሆኑን ያመለክታል። የሌሎች ተክሎች ሥር በእንዲህ ያለ ጭቃ ውስጥ ሲታፈን፤ የጁንከስ ሥር ግን በአገዳው ውስጥ ወደ ታች በሚወርደው አየር ይኖራል። ብዙ ከብት በእርጥብ ወራት የረገጠው ሜዳ አፈሩ ስለሚጠቀጠቅ፤ ውሃው ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላዩ ይተኛል፤ ጁንከስም ይበዛል።

ከብቶች ሌላ መኖ ሲያገኙ የጠነከረውን የጁንከስ አገዳ አይፈልጉትም። መልካሙን ሣር መርጠው ስለሚበሉ፤ ያልተበላው ጁንከስ በየዓመቱ ስፍራውን ያሰፋል። ደቃቁ ዘሩ እርጥበት ሲያገኝ የሚጣበቅ በመሆኑ በከብት ሰኮና ላይ ተለጥፎ ከሜዳ ወደ ሜዳ ይጓዛል። በአፈር ውስጥ ተቀብሮም ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ለመብቀል ብርሃን ስለሚያስፈልገው፤ ሣር የለበሰ መሬት ሲታረስ ወይም በሰኮና ሲታረድ የተቀበረው ዘር ወደ ላይ ወጥቶ በአንድ ጊዜ ይበቅላል። ስለዚህ ጁንከስን ለማጥፋት ሲባል ሜዳውን አንድ ጊዜ አርሶ መተው ጥፋቱን ማባዛት ነው። የሚሻለው ዘር ከመያዙ በፊት ደጋግሞ ማጨድ፤ በእርጥብ ወራት ከብትን ከዚያ ማራቅና መልካሙ ሣር መሬቱን እንዲሸፍን ጊዜ መስጠት ነው።

6ኛ፤ ስለ ከብት ጤና

ጁንከስ የበዛበት ሜዳ ለእረኛው ሌላም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የጉበት ትልን የሚያስተላልፈው ትንሽ ቀንድ አውጣ የሚወደው ይህንኑ ዓይነት ጭቃማ ስፍራ ነው። የትሉ እንቁላል ከታመመው ከብት እበት ጋር ወደ ረግረጉ ይወድቃል፤ በውሃ ውስጥ ተፈልፍሎም ወደ ቀንድ አውጣው ይገባል። በዚያ ተባዝቶ ሲወጣ በውሃ ዳር ባለው ሣር ላይ ተጣብቆ ጠንካራ ሽፋን ያበጃል። ከብቱ ሣሩን ሲበላ ትሉም አብሮ ይገባና ወደ ጉበት ያመራል።

በበጋ ኮረብታው ሁሉ ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው ረግረጉ ብቻ ስለ ሆነ፤ መንጋው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። አደጋው የሚከፋውም ያን ጊዜ ነው። በተለይ በጎች ይጎዳሉ፤ የዓይናቸው ሽፋን ውስጡ ይነጣል፤ ይከሳሉ፤ ከመንጋጋቸው ሥርም ያብጣሉ። ይህ ምልክት የታየበት ገበሬ በራሱ ግምት መድኃኒት ከመግዛት ይልቅ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይኖርበታል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ሲሆን፤ ትሪክላቤንዳዞል ግን ገና ያላደገውንም ይገድላልና፤ የትኛው መቼ እንደሚሰጥ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ለጥንቃቄም የረግረጉን ዳር ማጠር፤ ለከብት የሚጠጣውን ውሃ በገንዳ ማቅረብና ከረግረግ የታጨደውን ሣር በፀሐይ አጥብቆ ማድረቅ ይጠቅማል።

7ኛ፤ ረግረግን ስለ ማጠንፈፍ

ከላይ የተነገረውን የሰማ ሰው፤ እንግዲያስ ረግረግ ሁሉ ቦይ ተቆፍሮለት ይድረቅ ይል ይሆናል። ይህ ግን ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። በሰው እግርና በከብት ሰኮና የተበላሸው የግጦሽ ሜዳ አንድ ነገር ነው፤ ደንገል፤ ፊላና ጨፌ የለበሰው ጤነኛ ረግረግ ደግሞ ሌላ ነው። ተክሉን ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኢሉባቦር ገበሬዎች የደጋው እህል ሳይደርስ በሚመጣው የረሃብ ወራት የሚበላ በቆሎ ለማግኘት ሸለቆዎቹን እያጠነፈፉ ማረስ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። በልክ ሲሠራ ይህ እርሻ ብዙ ቤተሰብ አድኗል። ያለ ልክ ሲሠራ ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ ይወርዳል፤ ሴቶች የሚቀዱበት ምንጭ ይጎድላል፤ ለጣራ የሚሆነው ጨፌም ይጠፋል። ከዚህ የተነሣ አስተዋይ ገበሬዎች የረግረጉን ራስና የምንጩን ዙሪያ ሳይነኩ ይተዋሉ፤ በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላም ቦዩን ዘግተው ውሃው ወደ ስፍራው እንዲመለስ ያደርጋሉ።

በጣና ሐይቅም ደንገል እየተመናመነ መሄዱ የታወቀ ነው። ዳሩ ለእርሻ መታረሱ፤ ተክሉ መቃጠሉና ያለ ልክ መታጨዱ፤ የሐይቁም ውሃ ከፍታ መለዋወጥ ምክንያቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቷል። ሁለቱም አረንጓዴ ሆነው በውሃ ዳር ስለሚታዩ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ለማጥፋት የሚዘምት ሰው ወዳጅን ከጠላት ጋር ያጭዳል። ደንገል ሥሩን በጭቃ ተክሎ ደለልን የሚይዝና ዓሣ የሚሸሸግበት የአገሩ ተክል ነው፤ እምቦጭ ግን በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፤ በተነፋ የቅጠል እግሩና በሐምራዊ አበባው የሚታወቅ እንግዳ ነው።

8ኛ፤ ናሙና ስለ መላክ

በምርመራው ያልተቆረጠ ነገር ሲኖር ናሙና ወደ ባለሙያ መላክ መልካም ነው። ናሙናው ከሥሩ ጋር ሳይቆረጥ መነቀል፤ አበባና የበሰለ ፍሬ ያለው መሆን ይገባዋል። ጭቃው በውሃ ታጥቦ በጋዜጣ ወረቀት መካከል ይዘረጋል፤ ረዥም ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ በላዩም ከባድ ነገር ይጫናል። እንዳይሻግት ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጣል። ከናሙናው ጋር የተነቀለበት ቀበሌ፤ ቀኑ፤ የመሬቱ ከፍታ፤ ውሃው ምን ያህል ጊዜ እንደሚተኛና የአገሩ ሰው ተክሉን የሚጠራበት ስም መጻፍ አለበት። የአገሬው ስም ሳይጻፍ የቀረበት ናሙና ግማሽ ዕውቀቱ እንደ ጎደለ ይቆጠራል።

በአጭሩ፤ ማዕዘን ያለው አገዳ ቄጠማ ነው፤ አንጓ ያለው አገዳ ሣር ነው፤ ድብልብል ቡናማ ራስና ጠፍር የመሰለ ቅጠል ያለው ፊላ ነው፤ አገዳው ያለ አንጓ፤ አበባው 6 ቅጠል ያለው፤ ፍሬውም በሦስት ተከፍቶ ደቃቅ ዘር የሚያፈስስ ጁንከስ ነው። ይህን በቃሉ የያዘ ገበሬ ቦይ ከመቆፈሩና መንጋውን ከመልቀቁ በፊት አንድ አገዳ ነቅሎ ያያል። የአንድ አገዳ ምርመራ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የደረቀ ምንጭ ግን በአንድ ክረምት አይመለስም።